ለኦርሶላ የተሳልኩት ጥላ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቦሩ ደሜ፣

ሰላምታዬ እንደ ሐምሌ ጭቃ የበዛ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፣ ላሚቱም ደህና ናት፣ ጣራውም ከአንድ ቦታ በቀር አያፈስም። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

ደብዳቤህን ጀይሉ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። መጀመሪያ ሲያነብልኝ አላመንኩም፣ ሁለተኛ ሲያነብልኝ ተቀመጥኩ። በየካቲት ስትሄድ «ምጽዋ ባቡር አለ፣ ለገሀር ያነደድኩትን እሳት እዚያም አነዳለሁ» ብለኸኝ ነበር። አሁን ባቡሩ ቀርቶ መርከብ ሆነ ትለኛለህ። ያውም መድፍ የተሸከመ የጦር መርከብ፣ ያውም ጣሊያንና እንግሊዝ ጦርነት በከፈቱ በወሩ። ቦሩ፣ አንተ እኮ ወንዝ ስንሻገር አንገቴን አንቀህ ታዝለህ የተሻገርክ ልጅ ነህ። ዋና የሚባል ነገር አታውቅም። እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱም ባሕር ላይ ነው ማለት ነው።

«ፈቅጄ አይደለም፣ እሳት አንዳጅ አንሷቸው ከባቡሩ መርጠው ወሰዱን» ያልከውን አምኜሃለሁ። በሱ አልቆጣም። የምቆጣው «ለእትዬ አትንገራት» ብለህ ለጀይሉ ለብቻው በጻፍከው መስመር ነው። ጀይሉ የኔ ጸሐፊ እንጂ ያንተ አይደለም። ሁሉን ነገረኝ።

ለምን በዲያቆኑ አታስጽፊም ላልከው፣ የዲያቆኑ ጽሕፈት ያምራል፣ ግን ሰኞ የጻፈው ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይወራል። የጀይሉ ሱቅ ጌሾ ከምሸጥበት አጠገብ ነው፣ እስላም ስለሆነ ደግሞ መድኃኔዓለም ግቢ ገብቶ የኔን ነገር አያወራም። በዚያ ላይ ስቆጣ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ቁጣዬ እስኪደርስበት ይበርድልኛል።

አንድ ነገር በመድኃኔዓለም ብዬ እጠይቅሃለሁ፣ እውነቱን ጻፍልኝ። እሳቱን የምታነደው ከውሃው በላይ ሆነህ ነው ወይስ ከውሃው በታች?

ፖስታ ቤት ያለው ሰው ደብዳቤ ሁሉ መንገድ ላይ ተከፍቶ ይነበባል አለኝ። እንግዲህ ይህን የምታነበው ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፣ ግን ሰው መካከል ገብቶ ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ ነውር ነው። እንደምን አለህ? እህት ካለችህ እሷንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ዋጋነሽ

ይህን የጻፍኩት እኔ ጀይሉ ነኝ። ጣራው በሦስት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ልጽፍ ስል «አንድ በል» አለችኝ።


ምጽዋ፣ መስከረም 3 ቀን 1933 ዓ.ም.

እትዬ፣

ከዚህ ከሙቀቱ አገር ካንቺ ብርድ ትንሽ እየተመኘሁ ነው የምጽፍልሽ። ዘመን መለወጫን ያከበርኩት ከሰል እየዛቅኩ ነው፣ ላቤ ዐይኔ ውስጥ እየገባ። እንኳን አደረሰሽ።

የት እንዳለንና ወዴት እንደምንሄድ መጻፍ ክልክል ነው። ሄድን፣ ተመለስን። ይህን ያህል መጻፍ ይፈቀዳል መሰለኝ። የቀረውን ግን እንደጠየቅሽኝ ልንገርሽ። ስሟ ኦርሶላ ነው። ካኖኒየራ ይሏታል፣ ፊቷ ላይ አንድ መድፍ የተተከለባት ትንሽ የጦር መርከብ ማለት ነው። እኔ ሳልወለድ የተሠራች አሮጊት ናት። ሌሎቹ በናፍጣ ሲሄዱ እሷ እስከ ዛሬ ከሰል ነው የምትበላው፣ ውሃ አፍልታ በእንፋሎቱ ነው የምትሄደው። እንደ ለገሀሩ ባቡር ሁሉን ታሰማለች፦ ታቃስታለች፣ ታፏጫለች፣ ሲከፋት ትቆማለች። አለቃችን ቤፔ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ ነው። ከሰው ጋር እምብዛም አያወራም፣ ከሷ ጋር ግን ሲያወራ ይውላል።

በመድኃኔዓለም ባትዪኝ ኖሮ ሌላ እጽፍልሽ ነበር። እሳቱ ያለው ከታች ነው። የምንሠራበት ቤት ወለሉ ከውሃው በታች ነው፣ መስኮት የለውም፣ መውጫው አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ያለው አንድ የብረት መሰላል ነው። ግን አትፍሪ። ነገሩ አጭር ነው፦ ኦርሶላ ተንሳፈፈች ማለት ቦሩ ተንሳፈፈ ማለት ነው። ለመንሳፈፍ ደግሞ ከኔ ዕድሜ በላይ ለምዳለች።

መብል አለኝ። ከሐማሴንና ከዚሁ ከምጽዋ ከመጡ አራት እሳት አንዳጆች ጋር አንድ ትሪ ላይ እንበላለን፣ የሚጣላ የለም። የምታሳስቢኝ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ ቦሩ

ጀይሉ፣ ይህን መስመር ጮክ ብለህ አታንብ፦ ጣራውን ስትመጣ ያየኸው አስመስለህ አስከድንላት።


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለቦሩ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለመሰላሉ፣ ሰላም ለአሥራ ዘጠኙም ደረጃ። ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ጀይሉ ባለፈው ሳምንት በድንገት ሣር አስጭኖ መጣና ጣራዬን ከደነልኝ። እንዴት እንዳየው እንጃ። ሰው ደግ ሲሆን አይመረመርም ብዬ ዝም አልኩ።

«ምን አደረግሽ?» ብለህ ስለምትጠይቀኝ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። በጥቅምት መድኃኔዓለም ስለት ተሳልኩ። ቃሉን እንዳለ ጀይሉ ይጽፈዋል፦ «መድኃኔዓለም ሆይ፣ ኦርሶላ የምትባለውን መርከብ ሳትሰጥም ብታቆይልኝ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አገባለሁ።» ሰርኬ አጠገቤ ቆማ ስትሳለም ሰምታኝ ኖሮ ስንወጣ «ኦርሶላ ማናት?» አለችኝ። «ዘመድ ናት፣ ታማብኝ ነው» አልኳት። ሰርኬ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘመዶቼን ሁሉ ታውቃለች፣ አላመነችኝም።

ለምን ስምህን እንዳልጠራሁ ታውቃለህ? አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ያለች እናትና እህት ሁሉ ስም ስትጠራ ኖራለች። ገብሬ ትላለች አንዷ፣ ወዬሳ ትላለች ሌላዋ። መድኃኔዓለም ስም በዝቶበታል። ቦሩ ብዬ ብለምን ስንት ቦሩ አለ? ኦርሶላ ብሎ የለመነው ግን ከኔ በቀር ማንም የለም። አይሳሳትብኝም ብዬ ነው። አንተም ራስህ እሷ ተንሳፈፈች ማለት እኔ ተንሳፈፍኩ ማለት ነው ብለኸኛል።

ለነፍስ አባቴ ለመምሬ አምሐ ነገርኳቸው። «መርከቡ የማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ጸልዪ፣ ግን ለሰው አታውሪው» አሉኝ።

መንገድ ላይ የምታነበው ሰው፣ ደብዳቤዬን ሳታስቀር ለወንድሜ አድርሰህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። አንተም ወግ አታውቅም አልልህም፣ መልስ መስጠት አይፈቀድልህ ይሆናል። እህትህ ደህና ናት?

እህትህ ዋጋነሽ

ጀይሉ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ እስከ ማታ ትጾማለች። የምን ጾም ነው ስላት «የመርከብ» ትለኛለች።


ምጽዋ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1933 ዓ.ም.

እትዬ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ጀይሉ በጽሕፈቴ እንዳይስቅ፣ በግራ እጄ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው። መርከቧ ከቆመች ወር ስላለፋት ሥራ ፈትቻለሁ። ለምን ቆመች ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ቀለም እየተቀባች ነው።

የምነግርሽ ሌላ ነው። ያ ሰላም ያልሽው ሰው የስለቱን ደብዳቤ ለአለቆች ሳያሳይ አልቀረም። አንድ ቀን ጠዋት ሁላችንንም ከላይ አሰለፉንና ካፒቴኑ ቃልሽን በጣሊያንኛ አነበበው፣ አስተርጓሚው ደግሞ በእኛ ቋንቋ። «አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ስለ ኦርሶላ ለአምላኳ ተሳለች» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ተጨበጨበ። ያላጨበጨበው ቤፔ ብቻ ነው። ከታች ስንወርድ «እህትህ የለመነችው ለብረት አይደለም፣ ይሄ አይገባቸውም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ትሪዬ ሰፍቶኛል። አብረውኝ ይበሉ የነበሩት ሌላ ትሪ ይዘዋል። አልቀየምኳቸውም፣ እኔም ብሆን እነሳ ነበር።

ወደ ቀራንዮም ሰው ለመላክ አስበዋል ይባላል። እትዬ፣ ጥር በገባ ቁጥር ያምሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዘንድሮም ሳያምሽ አይቀርም። እንግዳ ማስተናገድ የሚያስችል ሕመም አይደለም፣ ተኝተሽ ክረሚ።

ወንድምሽ ቦሩ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥር 30 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለቦሩ፣

ሰላምታዬ ላንተ ብቻ ይድረስ። ለሌላ ለማንም አይደለም።

ታመሽ ተኚ ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ እንግዶቹ መጥተው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ነው። በጤናዬ፣ ጌሾ እያበጠርኩ ደጅ ላይ አገኙኝ። አንድ ሹም፣ አንድ አስተርጓሚ፣ ሁለት ወታደር። የሰፈሩን ሰው ሰብስበው «ታማኝ እህት» የሚል ወረቀት አነበቡልኝ። ከዚያ በመስታወት የተከደነ የመርከብ ፎቶግራፍ አውጥተው እነሱው በሚስማር ግድግዳዬ ላይ መቱት። ሰርኬ ከሰው መካከል ሆና «ዘመድሽ ይቺ ናት?» ስትል ሰማኋት።

ሲሄዱ ፎቶግራፉን አየሁት። ጭስ ማውጫዋ ከቁመቷ ይበልጣል። ሰዎች ከላይ ቆመዋል፣ አንተን ፈለግኩህ፣ አጣሁህ። ከታች መሆንህ ትዝ ሲለኝ አለቀስኩ።

ጥር 27 የማኅበሩ ጽዋ የኔ ተራ ነበር። ታውቃለህ፣ የመድኃኔዓለም ማኅበራችን አሥራ ሁለት ነን፣ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ፣ ቤቱን ጉዝጓዝ ጎዝጉዤ ጠበቅኩ። ጽዋውን የያዙት ሴቶች በደጄ አለፉ። ቆሙ አልልህም፣ አለፉ፣ ቀጥሎ ወዳለው ቤት ገቡ። ከሃያ ዓመት በላይ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ቆርሻለሁ። አንድ ጋን ጠላ ይዤ ቀረሁ። ጀይሉ አይጠጣ፣ ላሚቱ አትጠጣ። ለማን ልስጠው?

ግን ስማኝ። ስለቱን አንሺ ያሉኝ አሉ፣ አላነሳሁም። ይስደቡኝ። ስድብ አያሰጥምም። አንተ ብቻ ተንሳፈፍልኝ።

አንተ መንገድ ላይ ያለህ ሰው፣ ሰላምታዬን መልስልኝ። ሁለት ጊዜ ሰላም ብዬሃለሁ፣ ሁለቱንም መልስ። የእህትህን ግን አልወስድባትም፣ እሷ ምን አደረገችኝ።

እህትህ ዋጋነሽ

ጀይሉ ነኝ። ያለችውን ሁሉ አልጻፍኩትም፣ ቤተሰብ አለኝ። የግራ እጅህን ነገር አላነበብኩላትም። ቦሩ፣ ቀኝ እጅህ ምን ሆነ?


ምጽዋ፣ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም.

እትዬ፣

በኔ የተነሳ ሰው ደጅሽን አልፎ ሄደ። ይቅር በዪኝ ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን ሌላ የምለው የለኝም።

ጀይሉ የጠየቀኝ ነገር ተጎድቶ ነበር። አሁን ተሽሎታል።

ከሰል አለቀ። ሳጥን፣ የጀልባ ስባሪ፣ የቤት በር እናነዳለን። አሮጊቷ ምንም ብታጎርሳት አትመርጥም፣ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት የአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ከነመሳቢያው አቃጥያለሁ። ቤፔ ሳቀ፣ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ዋና አታውቅም ላልሽኝ፣ እስከ ዛሬም አልተማርኩም። የተማርኩት መሰላል ነው። አሥራ ዘጠኙን ደረጃ በአራት ትንፋሽ እወጣዋለሁ፣ በየቀኑ እለማመዳለሁ።

ፖስታው ከእንግዲህ የሚሄድ አይመስለኝም። ደብዳቤ ካልመጣልሽ የጠፋው ፖስታው ነው፣ እኔ አይደለሁም። እንዲህ ብለሽ ያዢው።

ወንድምሽ ቦሩ


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቦሩ ደሜ፣

ይህን ደብዳቤ እህትህ አታውቀውም። በማን እንደምልከውም አላውቅም። ልቤ ሲጨንቀው የሚጽፍ ሰው ሆኜ ቀረሁ፣ እናንተ ናችሁ ያስለመዳችሁኝ።

ጣሊያን ከአዲስ አበባ ወጥቷል። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። ሰው መንገድ ላይ እየተቃቀፈ ያለቅሳል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ይሳሳማሉ። እህትህም አለቀሰች፣ እልልም አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «መርከቧ ግን ገና እዚያ ናት» ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አገሩ ሁሉ የጠላት ነገር እንዲጠፋ ሲለምን፣ አንዲት የጠላት መርከብ እንድትተርፍ በየጠዋቱ የምትለምን እሷ ብቻ ናት። ፎቶግራፉን አውርጂው፣ ስበሪው ሲሏት «እዚያ ውስጥ ወንድሜ አለ» ብላ በር ዘጋችባቸው።

ትናንት ደብዳቤ ጻፍልኝ አለችኝ። ብዕሩን ያዝኩ። «ዛሬ መንገድ ላይ የሚያነብብን የለም» አልኳት። «ያ ሰው ሳይኖር ምን እንደምል አላውቅም» ብላ ተነስታ ሄደች።

ቦሩ፣ ከነጋዴዎች ሰምቻለሁ። ምጽዋ ተያዘች፣ በወደቡ ያሉት መርከቦች በሙሉ ሰጥመዋል ይላሉ። በሙሉ። ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስቱም እንዲሁ አሉኝ። አልነገርኳትም። እሑድ ፋሲካ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ ብያለሁ። ያኔ ደግሞ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እል ይሆናል። በየቀኑ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብላ ጌሾዋን ስትሸጥ ዐይኗን ማየት አቅቶኛል። አላህ ካኖረህ ቶሎ በል።

ጀይሉ


አስመራ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1933 ዓ.ም.

እትዬ፣

አለሁ።

ሌላውን ቀስ ብለሽ አስነቢው። እጄም እግሬም አለ፣ አስመራ ነኝ፣ እንግሊዞቹ ለቀውናል።

አሁን የዋሸሁሽን ልናዘዝ። ቀለም ነው ያልኩሽ ቀለም አልነበረም። ኅዳር ላይ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎብን አጠገባችን ወደቀ፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈነዳና ቀኝ እጄን አቃጠለኝ። ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉም፣ ሌላው ድኗል። መርከቧ ያኔ ከመስጠም የተረፈችው በአንድ ክንድ ርቀት ነው። ይህም አንቺ ስለቱን ከተሳልሽ አንድ ወር ሳይሞላ ነው። ቤፔ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ይህቺ ሴት ደመወዝ ይገባታል» አለ።

መጋቢት 29 ቀን ከተማዋ ልትያዝ ስትል ትእዛዝ መጣ፦ መርከቦቹ ለእንግሊዝ እንዳይተርፉ ሁሉም ይስጠሙ። ሰዎቹ በሙሉ ከወረዱ በኋላ እኔና ቤፔ ወደ ታች ተመለስን። የባሕሩን ውሃ የሚያስገባ አንድ መዝጊያ አለ፣ እሱን መክፈት ብቻ ነው። ቤፔ እጁን አሳርፎበት ቆመ። አልቻለም። ሰላሳ ዓመት ውሃ እንዳይገባባት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዞር ብሎ «አንተ» አለኝ። በግራ እጄ ከፈትኩት።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ሲደርስ መሰላሉን ያዝኩ። አሥራ ዘጠኙን ደረጃ በሁለት ትንፋሽ ወጣሁት፣ ቤፔን በጀርባው እየገፋሁ። ኦርሶላም ሳትጮህ፣ ጎኗን ሳታዘነብል፣ እንደ ደከማት ሴት ቁጭ አለች። እዚያ ጋ ባሕሩ ጥልቅ አይደለም። ጭስ ማውጫዋ እስካሁን ከውሃ በላይ ይታያል።

እትዬ፣ እንዳትሰጥም የተሳልሽላትን መርከብ በገዛ እጄ አሰጠምኳት። ስለትሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ከትሪዬ ተነስተው የነበሩት ሰዎች ዳር ላይ ሆነው ያዩ ኖሮ ስወጣ ውሃ አቀበሉኝ፣ ማታ አብረን በላን።

አንድ ነገር ይቀራል። አስመራ ላይ የተለቀቁትን ሰዎች ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ ነበር። «ቦሩ ደሜ፣ ኮልፌ ቀራንዮ» ስል ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝና «የዋጋነሽ ወንድም?» አለኝ። ጉልላት ይባላል። መንገድ ላይ ያለው ሰው እሱ ነው። መጀመሪያ ልመታው ነበር። ሲናገር ግን ተውኩት። «በዚያ ሥራ ላይ ስንት ሺህ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፣ ሰላም ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ደስ ቢለኝ ለባልደረባዬ አነበብኩለት። ባልደረባዬ ወስዶ ለአለቃ ነገረብኝ። ሰላምታዬን መልስ ስትለኝ አንድ ሳምንት እህል አልበላሁም» አለኝ። ዐይኑን አየሁት፣ የሚዋሽ ሰው አይደለም። ስለ እህቱ ጠየቅኩት። ከረን ነበረች አለኝ። ጦርነቱ እዚያ ከሆነ ወዲህ ወሬዋን አልሰማም።

ይህን ደብዳቤ ፈቀደ የሚባል የጭነት መኪና ነጂ ያመጣዋል፣ መንገዱ እንደተከፈተ። እኔም መኪና ሳገኝ እከተላለሁ።

ወንድምሽ ቦሩ


ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሰኔ 28 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለአቶ ጉልላት፣ አስመራ፣

እርስዎ ልበል ብዬ ነበር። ግን ያንን ሁሉ ጊዜ አንተ ስልህ ኖሬ አሁን እርስዎ ብልህ የማላውቀው ሰው ትሆንብኛለህ። ይቅር በለኝና አንተ ልበልህ።

ይህን የሚጽፈው ወንድሜ ቦሩ ነው፣ በግራ እጁ። ሰኔ 19 ገባ። ጀይሉ ሥራውን ተነጠቅኩ ብሎ አኩርፏል፣ እጁ ያረፈ ግን ይመስለኛል።

ወሬውን ልንገርህ፣ ያለኛ ደብዳቤ ስትቆይ ሳይደብርህ አይቀርም። የቦሩን ደብዳቤ ፈቀደ በግንቦት መጨረሻ ሲያመጣው ጀይሉ ገና የመጀመሪያዋን ቃል አንብቦ ማንበብ አቃተው። «አለሁ» ይላል አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ለካ መርከቦቹ መስጠማቸውን ወር ተኩል አውቆ ደብቆኝ ኖሯል፣ የጻፈው ደብዳቤም መሳቢያው ውስጥ ነበር። ተቆጣሁት፣ ከዚያ ግንባሩን ሳምኩት፣ ሚስቱ ዙቤዳ እያየች።

ጀይሉ ደብዳቤውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ መድኃኔዓለም ሄደ። እሑድ ነበር፣ ሰው ከቅዳሴ ይወጣል። ግቢ አልገባም፣ ከውጭ በሩ ላይ ቆሞ ለማኅበሩ ሴቶች ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው፣ መዝጊያውን የከፈተበት ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ። ይህን ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አያወራም ብዬ ነበር የመረጥኩት። ሰርኬ ሰምታ ስታበቃ ወደ ቤቴ መጣች። ደጄ ላይ ቆማ «ዘመድሽ ኦርሶላ እንዴት ሆነች?» አለችኝ። «ዐረፈች» አልኳት። «ነፍስ ይማር» አለችና ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ጌሾውን አብረን አበጠርን።

ስለቱን ምን ላድርግ ብዬ መምሬ አምሐን ጠየቅኳቸው። የለመንኩት መርከቧ እንዳትሰጥም ነው፣ መርከቧ ሰጥማለች፣ ስለቱ ይያዛል ወይስ ይፈርሳል? «ጭስ ማውጫዋ ከውሃ በላይ ነው ብሏል?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ጨርሳ አልሰጠመችም። ጥላውን አግቢ» አሉኝ። ከዚያ ግን ስወጣ ጠሩኝና «ዋጋነሽ፣ ሌላ ጊዜ የሰውየውን ስም ጥሪ» አሉኝ። «ስም በዝቶበታል ብዬ ነው» ስላቸው «አይበዛበትም» አሉ።

ትናንት ጥላው ገባ። የተሸከመው ቦሩ ነው፣ ሁለቱ ጣቶቹ ስለማይታጠፉ በክንዱ አቅፎ። እልል ተባለ። ጽዋውም ትናንት ተራውን ዘልሎ እኔ ቤት ገባ፣ አሥራ ሁለታችንም ነበርን። ፎቶግራፉን አውርጄ ለቦሩ ሰጠሁት። እሱም ለቤፔ እልከዋለሁ ብሎ አስቀምጦታል፣ ያ ሽማግሌ እስረኞች ጋ ነው አሉ።

አሁን ያንተን ጉዳይ ልጨርስ። ጥር ላይ ሰላምታዬን መልስልኝ ብዬህ ነበር። ቦሩ ሁሉን ነግሮኛል። ሰው ደስ ሲለው ለሰው ይናገራል፣ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ነው። ሁለቱንም ሰላምታ መልሼ ልኬልሃለሁ፣ ሦስተኛም ጨምሬበታለሁ። እንደምን አለህ?

እህትህን ከሐምሌ ጀምሮ ሰላም ስላት ኖሬ ስሟን ሳልጠይቅህ መቅረቴ አሳፍሮኛል። ከረን ያሉ ሰዎች ሁሉ አልሞቱም። ደብዳቤ ካልመጣ የጠፋው ፖስታው ይሆናል፣ ቦሩ እንዲህ ብለሽ ያዢው ብሎኝ ያዝኩት፣ አንተም ያዘው። ሐምሌ 27 መድኃኔዓለም ዕለት እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት የእህትህን ስም፣ የክርስትና ስሟንም ጭምር፣ ጽፈህ ላክልኝ። አሁን የምሳለው በስሟ ነው።

ዋጋነሽ ደሜ